ሕፃን ሲሳደብ ማን ተናገረ?

በኦክቶበር ወር 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የተሠራ አንድ አጭር ፊልም በኢንተርኔት ተሠራጨ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ሲጀምር ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 13 ዓመት የሆነ ልጃገረዶች እንደ ተረት ልዕልቶች አጊጠው ይታያሉ። ተመልካቹ፣ አሁን ይዘፍኑልናል ወይም አሻንጉሊት ግዙ ይሉናል ብሎ ሲጠባበቅ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በጨዋ ሰው ፊት የማይነገረውን ዋናውን ጸያፍ ስድብ እየተቀባበሉ ያወርዱት ጀመር። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ክው አለ። እኩሌታው ሣቀ፤ እኩሌታው ተቈጣ፤ ሳያየው ያለፈ ግን ጥቂት ነው። የሠሪዎቹም ዓላማ ይኸው ነበር።

ስድቡ ግን እንዲያው ባዶውን የተወረወረ አልነበረም። ልጆቹ በስድቡ መካከል ቍም ነገር ያስገባሉ። ሴት የምታገኘው ደመወዝ ከወንድ በ23 በመቶ ያነሰ ነው ይላሉ። ከአምስት ሴቶች አንዲቱ የመደፈር ጥቃት ይደርስባታል ካሉ በኋላ፣ ከአንድ እስከ አምስት ቈጥረው ከእኛ መካከል ባለዕጣዋ ማን ትሆን? ሲሉ ተመልካቹን ይጠይቃሉ። የክርክራቸውም ፍሬ ነገር፣ ይበልጥ የሚያስነውረው የቱ ነው፣ ሕፃን የተናገረችው ብልግና ነው ወይስ ዓለም በሴት ልጅ ላይ የሚፈጽመው በደል? የሚል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከሥራው ይልቅ በቃሉ የምናፍር ሰዎች እጅግ ብዙ ነን። ልጁ አንድ ብልግና ቢያመልጠው በጥፊ የሚያጮለው አባት፣ እንግዶች ተሰብስበው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እያሉ ሲተርቱ ሴት ልጁ አጠገቡ ቁማ ብትሰማ ምንም አይመስለውም። በተረቱ ውስጥ አንድም ጸያፍ ቃል የለበትም። ነገር ግን ለልጅቷ ከስድቡ የቱ ይበልጥ እንደሚጐዳት መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ የፊልሙን ሠሪዎች ባለጌዎች ብሎ ብቻ ማለፍ ከነገሩ መሸሽ ይሆናል።

የሆነ ሆኖ የፊልሙ መጨረሻ ነገሩን ይለውጠዋል። ልዕልቶቹ ተሳድበው፣ ተከራክረው፣ ተመልካቹንም አሳፍረው ከጨረሱ በኋላ ወደ ንግድ ይዞራሉ፤ ስለ ሴቶች እኩልነት የተጻፈበት ካናቴራ እንድንገዛ ይጋብዙናል። ከሽያጩ ከፊሉ ለበጎ አድራጎት እንደሚውል ቢነገርም፣ ፊልሙን ያሠራው ለትርፍ የቆመ የካናቴራ ነጋዴ ኩባንያ ነው። ስሙ ራሱ ያንኑ ስድብ ያዘለ ስለሆነ እዚህ አንጽፈውም። ይኸው ኩባንያ ከአንድ ወር በፊት፣ በሚዙሪ ግዛት በፈርገሰን ከተማ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ጥይት ከሞተ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ የዚያችኑ ከተማ ልጆች ሰብስቦ ስለ ዘር አድልዎ አናግሯቸው ነበር። በዚያም ፊልም መጨረሻ የመጣው ካናቴራ ነው።

እንግዲህ እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው። ስለ እኩልነት ሲባል ሕፃን ልጅን አቁሞ ሰውን ማስደንገጥ ይገባል ወይስ አይገባም? የሚገባ ከሆነስ እስከ ምን ድረስ?

ነገሩ አዲስ አይደለም

በሴቶች መብት ክርክር ውስጥ ልጅን ፊት ማሰለፍ የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በ1912 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ጆን ሐሰል የተባለው ሠዓሊ፣ ሴቶች የምርጫ ድምፅ እንዳያገኙ ለሚታገለው ማኅበር አንድ የግድግዳ ማስታወቂያ ሥሎ ነበር። በሥዕሉ ላይ አንድ ሠራተኛ ከሥራው ደክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ ይታያል። ሚስቱ የለችም፤ ልጆቹ ተንከባካቢ አጥተዋል። ለሴቶች ድምፅ ይሰጥ በሚለው የግድግዳ ወረቀት ላይ፣ እናቲቱ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ እመለሳለሁ የሚል ማስታወሻ ትታ ሄዳለች። ሥዕሉ ስለ ሕግ አንዲት ቃል አይከራከርም። የሚከራከረው በልጆች ዕንባ ነው።

የሴቶች ድምፅ ደጋፊዎችም በበኩላቸው ዝም አላሉም። በአሜሪካ ሮዝ ኦኒል የተባለችው ዝነኛ ሠዓሊት፣ ሕዝብ በጋዜጣና በመጽሔት የሚወዳቸውን ጕንጫቸው የቀላ ወፍራም ሕፃናት ሥላ፣ ለእናቶቻችን ድምፅ ስጡልን እያሉ ሲሰለፉ አሳየች። ስለዚህ ያው ሕፃን በአንድ ወገን እናቱን ከቤት እንዳትወጣ ሲከለክላት፣ በሌላ ወገን ወደ ምርጫ ሣጥን ሲልካት ይታይ ነበር። ሕፃኑ ግን ከሁለቱም ወገን ሐሳቡን የጠየቀው አልነበረም። የሕፃን ሥዕል ለያዘው ሁሉ እንደሚታዘዝ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ማስረጃ ሊሆን የማይችለውም ስለዚሁ ነው።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ ዓይነት ድንጋጤም ነበር። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ታስረው ምግብ አንበላም ያሉትን የድምፅ ታጋዮች፣ የእስር ቤት ሰዎች በኃይል ይዘው በጐማ ቧንቧ ምግብ ያስገቡባቸው ጀመር። ሴቶቹ ይህንኑ አሥለው በየግድግዳው ለጠፉት። ሥዕሉ ዘግናኝ ነው። ይሁን እንጂ ዘግናኙ ነገር በእርግጥ የተፈጸመ ሲሆን፣ የተፈጸመባቸውም ሥዕሉን ያወጡት ታጋዮች ራሳቸው ናቸው። አካለ መጠን የደረሱ፣ የሚያደርጉትን የሚያውቁ፣ ዋጋውንም ለመክፈል የቈረጡ ሰዎች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ከ30 ዓመት በላይ የሆናቸው ብዙዎቹ ሴቶች በ1918፣ ሁሉም ከወንዶች እኩል በ1928 ዓ.ም. ድምፅ አገኙ። በገዛ ቁስል ማስደንገጥና በሕፃን አፍ ማስደንገጥ አንድ አለመሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ድንጋጤ ምን ያህል ያስኬዳል?

የማስታወቂያ ሰዎች መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሰው ካልደነገጠ አይሰማም» ይላሉ። እውነት አለበት። በየቀኑ በመቶ የሚቈጠር ማስታወቂያ የሚያይ ሰው፣ ያልጠበቀውን ነገር ካላየ ዓይኑን አያነሣም። ነገር ግን ዓይን ማንሣትና ልብ መለወጥ ልዩ ልዩ ነገር ነው። በዚህ ረገድ ሁለት የቆዩ ጥናቶች መጥቀስ ይጠቅማል።

በ1953 ዓ.ም. ጃኒስና ፌሽባክ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በልዩ ልዩ ክፍል መድበው ስለ ጥርስ አጠባበቅ ትምህርት ሰጧቸው። ለአንዱ ክፍል የበሰበሰ ድድና አስፈሪ ሕመም በሥዕል አሳዩ፤ ለሌላው መጠነኛ፣ ለሦስተኛው ጥቂት ብቻ የሚያስፈራ ትምህርት ሰጡ። ከዚያ በኋላ ቢጠይቋቸው፣ እጅግ የፈሩት እጅግ ተጨንቀው ነበር፤ ምክሩን ይበልጥ የተከተሉት ግን ጥቂት የፈሩት ሆነው ተገኙ።

በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ሌቨንታል የተባለው ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር በየል ዩኒቨርሲቲ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሌላ ሙከራ አደረገ። ለተማሪዎቹ ስለ በሽታው የተጻፈ ወረቀት ሰጣቸው፤ የአንዳንዱ ወረቀት አስፈሪ፣ የአንዳንዱ ለዘብ ያለ ነበር። ለተወሰኑት ግን የክሊኒኩ ቦታ የተመለከተበት የግቢውን ካርታ ጨምሮ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚሄዱ እንዲያስቡ አደረገ። ካርታና የሰዓት ዕቅድ ካገኙት ከመቶ 28 ያህሉ ሄደው ሲከተቡ፣ ካላገኙት የሄዱት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። የፍርሃቱ መብዛትና ማነስ እግራቸውን አላንቀሳቀሰም። ያንቀሳቀሳቸው፣ ወዴትና መቼ እንደሚሄዱ ማወቃቸው ነው።

አሁን ወደ ልዕልቶቹ እንመለስ። ያ ፊልም ተመልካቹን ካስደነገጠ በኋላ የሰጠው ካርታ ወዴት ይመራል? ወደ ካናቴራ መደብር። በአሜሪካ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል የሚያዝዘውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፈረሙት በ1963 ዓ.ም. ነበር። ደመወዟ የተጓደለባት ሴት በዚህ ሕግ ወዴት እንደምትከስ፣ በመሥሪያ ቤቷ ምን መጠየቅ እንደምትችል አንዲት ቃል ቢጨመር ስድቡ ፍሬ ባፈራ ነበር።

ከዚህም ሌላ ቍጥሩ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። 23 በመቶ የተባለው፣ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ሰዓት በሚሠሩ ወንዶችና ሴቶች መካከል ያለው ጠቅላላ የገቢ ልዩነት ነው። አንድ ዓይነት ሥራ በሚሠሩ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት አይደለም። ከልዩነቱ ከፊሉ ሴቶች በብዛት የሚሠሩባቸው ሙያዎች አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈልባቸው በመሆናቸው፣ ከፊሉም ልጅ ወልደው ከሥራ በመለየታቸው የሚመጣ ነው። ይህም ቢሆን በደል አይደለም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ልዩ ነው። ይህን ሁሉ የስምንት ዓመት ልጅ ልታስረዳ አትችልም፤ ተከራካሪም የስምንት ዓመት ልጅን መልሶ ሊጠይቃት ያፍራል። ልጅቱ እንድትናገረው የተደረገው ምናልባት ስለዚሁ ይሆናል። ክርክር ሊመጣበት የሚችለውን ነገር ክርክር ከማይነሣበት አፍ ማስወጣት ብልኀት ነው፤ ሐቀኝነት ግን አይደለም።

ሦስት ሌሎች ፊልሞች

ሕፃናት የታዩበት ማስታወቂያ ሁሉ እንደዚህ ነው ብንል ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን።

በዚያው በ2014 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር ቴያ የተባለች የ12 ዓመት ልጅ በኢንተርኔት ላይ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ጀመረች። በኦክቶበር 11 ቀን ጌይር የተባለ የ37 ዓመት ሰው እንደምታገባ ገለጠች፤ ስለ ቀሚሱና ስለ ኬኩም ተረከች። አገሩ ተደናገጠ፤ ሰዎች ለፖሊስ አመለከቱ። የሠርጉ ቀን ሲደርስ ሕዝብ ኦስሎ ከሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ፤ ልጅቱም በመጨረሻ አላገባም አለች። ነገሩ ሁሉ ፕላን የተባለው የሕፃናት ርዳታ ድርጅት ያቀነባበረው ቴአትር ነበር። ድርጅቱ ሊል የፈለገው፣ ለአንዲት ኖርዌያዊት ልጅ እንዲህ ከጮኻችሁ በየቀኑ ለሚዳሩት 39,000 ልጃገረዶች ለምን ዝም ትላላችሁ? ነው። ይህ ፈጠራ ለእኛም አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕጋችን የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ሳለ፣ በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆነ ሴቶች መካከል 40 በመቶ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። በዚህ ማስታወቂያ ያስደነገጠው የልጅቱ ብልግና አልነበረም፤ በደሉ ራሱ ነው። የመጨረሻውም ቃል «አይሆንም» የሚለው የልጅቱ ቃል ሆነ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንድ የኢጣልያ ጋዜጣ ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን ወንዶች ልጆች በካሜራ ፊት አቆመ። አንዲት ልጃገረድ አምጥቶ ስለ እርሷ ምን እንደሚወዱ ጠየቃቸው፤ ዳስሷት አላቸው፤ በመጨረሻም በጥፊ ምቷት አላቸው። ሁሉም እንቢ አሉ። ብዙ ሰው በደስታ አነባ። ነገር ግን ፊልሙን ደግሞ ላየው ሰው አንድ ነገር ይጐረብጠዋል። ልጅቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አትናገርም። መዳሰሷን ትፍቀድ አትፍቀድ የጠየቃት የለም። ሴት የማትመታው ሰው ስለሆነች መሆኑ ቀርቶ፣ መልከ መልካም ሴት ልጅ ስለሆነች የሆነ ይመስላል። ስለ ሴት ክብር የተሠራ ፊልም ሴቲቱን እንደ ዕቃ አቁሟት ሄደ።

ሦስተኛው በ2018 ዓ.ም. ለሴቶች ቀን በኖርዌይ የባንክና የገንዘብ ተቋሞች ሠራተኞች ማኅበር የተሠራ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በአንድነት ሮዝና ሰማያዊ ኳሶች እየለዩ ይሰበስባሉ። ሥራው ሲያልቅ ለሁለቱም ከረሜላ በብርጭቆ ይሰጣቸዋል፤ ለልጁ ሙሉ ብርጭቆ ሲሆን ለልጅቱ ግን የጐደለ ነው፤ ሴት ስለሆነች እንደሆነ ይነገራቸዋል። ልጆቹ ግራ ይጋባሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም ይላሉ፤ ወንዶቹም ከድርሻቸው ያካፍላሉ። በዚህ ፊልም ስድብ የለም፤ ዕንባም የለም። ልጆቹ የተናገሩት ትልልቆች ያስጠኗቸውን ሳይሆን የገዛ ፍርዳቸውን ነው። እኛ የሒሳብ ሹሞች በሰንጠረዥ የምንሸፍነውን ነገር ልጅ በከረሜላ አይቶ ወዲያው ይፈርደዋል።

የከፋዩን ቤትም እንይ

ልጅ ፊት ስትቆም የምንረሳው አንድ ሰው አለ፤ ገንዘቡን የከፈለው ነው። በማርች 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሴቶች ቀን ዋዜማ፣ በኒው ዮርክ የገንዘብ ሰፈር ከታወቀው የነሐስ ኰርማ ፊት ለፊት የአንዲት ትንሽ ልጅ ሐውልት ቆመ። እጇን በወገቧ አድርጋ ኰርማውን አፍጥጣ ታየዋለች። ክሪስተን ቪዝባል የሠራችው ይህ ሐውልት ተወደደ፤ ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ሆኖ ፎቶግራፍ ተነሣ። ያቆመው ስቴት ስትሪት የተባለው ታላቅ የገንዘብ ድርጅት ሲሆን፣ ኩባንያዎች ሴቶችን በአመራር ቦታ እንዲያስቀምጡ ለማሳሰብ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ይኸው ድርጅት፣ ሴቶችና ጥቁሮች ለሆኑ ሹሞቹ ከሌሎች ያነሰ ይከፍላል ተብሎ ከአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በቀረበበት ክስ፣ ጥፋቱን ባያምንም 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር አውዲ የተባለው የመኪና ፋብሪካ በአሜሪካ ታላቁ የእግር ኳስ ቀን አንድ ፊልም አሳይቶ ነበር። አንዲት ልጅ ከወንዶች ጋር ሞተር በሌለው ጋሪ ስትሽቀዳደም፣ አባቷ፣ ዋጋሽ ከወንድ ያነሰ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት? እያለ ይተክዛል። ተመልካቾችም የፋብሪካውን የአስተዳደር ቦርድ ስም ዝርዝር ፈልገው ቢያዩ አንዲት ሴት አላገኙበትም። ልጅን ለምስክርነት የጠራ ሰው በመጀመሪያ የራሱን መዝገብ ማስተካከል ነበረበት።

የልጁ ፈንታስ?

ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 ዓ.ም. በሠራው ዝነኛ ፊልም ከእርሱ ጋር የተጫወተውን ትንሽ ልጅ፣ ጃኪ ኩገንን፣ ፊልም ወዳጆች ያውቁታል። ያ ልጅ በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር አግኝቶ፣ ካደገ በኋላ ቢጠይቅ ቤተ ሰቡ አጥፍቶት ተገኘ። በዚህ ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት በ1939 ዓ.ም. የሕፃናት ተዋንያንን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ዛሬ ከሕፃኑ ገቢ 15 በመቶው እስኪያድግ ድረስ በባንክ ይቀመጥለታል።

መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ገንዘብን እንጂ ፊትን በባንክ ማስቀመጥ አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. ስድስት ዓመት የነበረች ልጅ ዛሬ አድጋለች። ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ልታገባም ስትል፣ ያ ፊልም ከእርሷ ቀድሞ ይደርሳል። ምናልባት ትኰራበት ይሆናል፤ ምናልባትም ታፍርበት ይሆናል። መርጣው ግን አልነበረም። በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል፤ ሕፃን በሚመለከተው ነገር ሐሳቡን የመግለጥና የመሰማት መብት አለው፤ እንዲሁም ለሌላ ሰው ጥቅም መሣሪያ ከመሆን ሊጠበቅ ይገባዋል። ችግሩ፣ ሁለተኛውን የሚያፈርሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን እየጠቀሱ መሆኑ ነው።

በእኛ ትምህርት ቤት

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከሩቅ ሆኜ የምፈርድ እንዳይመስል፣ እኔ ራሴ የደረሰብኝን ልናገር። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለሴቶች ቀን አጭር ቴአትር አዘጋጅተው ነበር። ከእነርሱ የአንዱ እኅት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በነጠላ ተሸፍና ወደ መድረክ ወጥታ፣ ተጠልፋ እንደ ተወሰደች ሆና እያለቀሰች እንድትናገር አሰቡ። «መምህር፣ ትልቅ ሰው ቢጫወተው ማንም አይደነግጥም» አሉኝ። እኔም ጽሑፉን አንብቤ ወደድሁት። ልጅቱም አንድም ቃል ሳታስቀር በቃሏ ይዛ መጣች፤ ድምፅዋ አንጀት የሚበላ ነበር።

ልምምዱ ሲያልቅ ወደ እኔ ቀረብ ብላ በቀስታ፣ «መምህር፣ ጠለፋ ማለት እማዬ ቀሚስ ላይ በክር የምትሠራው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የምመልስላት ጠፋኝ። እንግዲህ ያ ሁሉ ልቅሶ የእኛ እንጂ የእርሷ አልነበረም። ክፍሉን ወስደን ለአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሰጠነው። ትንሽቱም እንዳትከፋ፣ አንቺስ ስለ ወንድና ሴት ልጅ ምን መናገር ትፈልጊያለሽ? ብለን ጠየቅናት። ብዙም ሳታስብ፣ «ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ኳስ ይጫወታል፤ እኔ ውሃ እቀዳለሁ፤ ፈተና ግን ሁለታችንም እንፈተናለን» አለች። ይህንኑ በመድረክ እንድትናገር አደረግን። አዳራሹ በጠለፋው ቴአትር አጨብጭቦ ነበር፤ በዚህች በአንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ጸጥ አለ።

በዚህ ቢያበቃ ታሪኩ ያማረ ይሆን ነበር። ሲወጣ ግን አባትየው በር ላይ ጠበቁኝ። «መምህር፣ እርስዎን አምነን ነው ልጃችንን የላክነው። የቤቴን ገመና በሕዝብ ፊት ታወጣለች ብዬ አላሰብሁም» አሉኝ። ቍጣቸው ከባድ ነበር። ልጅቱ የእናቷን ነጠላ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ከጥቂት ደቂቃ በፊት በአዳራሹ ጸጥታ የኰራሁት እኔ፣ ዋጋውን የምትከፍለው እርሷ መሆኗን ያን ጊዜ ተረዳሁ። የተናገረችው እውነት ነበር፤ የራሷም ቃል ነበር። ነገር ግን ወደ ቤት የምትገባው እርሷ እንጂ እኔ አልነበርሁም። ለአባትየው ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ጥፋቱም አስቀድሜ ወላጆቿን ያላማከርሁት የእኔ እንጂ የልጅቱ አለመሆኑን አስረዳሁ። ሰውዬው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «የውሃውን ነገርስ ለእኔ ነግራኝ አታውቅም» ብለው ልጃቸውን እጇን ይዘው ሄዱ።

ስለዚህ ነገር የማምነው ይህ ነው። የሚያስደነግጠው በደሉ ይሁን እንጂ የልጅ ውርደት አይሁን። ልጅ የምትናገረው የምታውቀውንና የራሷ የሆነውን ይሁን። ስትናገር የሚያስከትልባትንም አስቀድሞ አስቦ የሚሸከምላት ትልቅ ሰው ይኑር። ከእነዚህ አንዱ የጐደለው ማስታወቂያ፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን፣ ልጅቱን ተበድሯታል፤ ብድሩንም አይመልስም።

ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናችሁ፤ ሌሎቻችሁም በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ናችሁ። ነገ ስለ እኩልነት ፊልም የምታሠሩ፣ የግድግዳ ወረቀት የምታጽፉ፣ በጀቱንም የምትፈርሙ እናንተ ትሆናላችሁ። አበው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። የደመወዝን መዝገብ ማስተካከል፣ ሕግን ማስፈጸም፣ በቤትም ውስጥ እንስራውን ማን እንደሚያነሣ መወሰን የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ይህን ሥራ ትተን ሕፃን አቁመን ብናናግር፣ ለጊዜው ሰው ይደነግጥልን ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ውሃውን የምትቀዳው ያችው ልጅ ናት።